የሰደቃ ዋይፋይ

ፈርዶሳ የምትሠራበት ክሊኒክ ሮቤ ውስጥ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ፊት ለፊቱ የስንዴ መጋዘን፣ ጎኑ የባጃጅ ጋራዥ አለ። የቅጥር ወረቀቷ ላይ «የአይቲ ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ማተሚያው ወረቀት ሲያኝክም፣ የመጠበቂያ ክፍሉ ቴሌቪዥን ሲደበዝዝም፣ የሐኪሙ ስልክ «ቦታ የለኝም» ሲልም የምትጠራው እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ስትናገር ድምጿ ከአጠገቧ ካለው ወንበር አያልፍም። እዚያ በሠራችባቸው ስድስት ዓመታት ከሰው ጋር ስትጨቃጨቅ ያያት የለም።

አባቷ የኮምባይነር መካኒክ ነበሩ። በመኸር ከሮቤ እስከ ገሰራ እርሻ ለእርሻ እየዞሩ ሲጠግኑ እሷንም አንዳንዴ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ስንዴ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ገበሬው እጁን እያፋተገ ሲጠብቅ ማሽን እንዴት እንደሚነሣ ያየችው ያኔ ነው። አባቷ ብዙ አይናገሩም ነበር፤ አንድ ነገር ግን ደጋግመው ይሏት ነበር፦ «አዲሱ ቀበቶ አንድ መኸር ሳይሠራ አሮጌውን እንዳትጥዪ።» ዘጠነኛ ክፍል ሳለች በመኪና አደጋ ሞቱ። እናቷ ቀድማ አርፋ ስለነበር የአባቷ እህት ዙሀይራ ወሰዷት። አዳዳ እያለች የምትጠራቸው ዙሀይራ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሃጂራ። ሁለቱ ልጆች በአንድ ፍራሽ ተኝተው አደጉ። ፈርዶሳ በስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ ፀጉሯን የሠራችላት፣ የቤት ሥራዋን ያሠራቻት እሷ ናት።

የክሊኒኩ ባለቤት ሐጂ አሊዪ ይባላሉ። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዝያራ ሄደው ትንሿ ልጃቸው ከሕዝቡ መሃል ጠፍታባቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ተገኘች። ያን ጊዜ ተሳሉ፤ በደጃቸው የሚያልፍ ጋሪባ፣ ማለትም ባላ በትሩን ይዞ በእግሩ ወደ ሼክ ሁሴን የሚጓዝ ምእመን፣ የሚያስፈልገውን ሳያገኝ እንዳያልፍ። መጀመሪያ በር ላይ የውሃ በርሜልና ኩባያ አስቀመጡ። ዘመኑ ሲለወጥ ተጓዡ ከውሃው ይልቅ «ደርሻለሁ» ብሎ ቤቱ የሚደውልበትን መጠየቅ ጀመረ። ሐጂ ፈርዶሳን ጠርተው የክሊኒኩን ዋይፋይ ፓስወርድ እንድታነሣ አዘዟት። ስሙንም ራሳቸው አወጡለት፦ «ሰደቃ»። ከዚያ ወዲህ የክሊኒኩ አጥር ሥር ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ጋሪባው ሲያልፍ ተማሪው፣ ተማሪው ሲነሣ የባጃጅ ሾፌሩ ይተካል።

ችግሩ ይኸው ነበር። ላቦራቶሪው ከግቢው ማዶ፣ ለብቻው ባለ ቤት ውስጥ ነው። ከዋናው ሕንፃ ጋር የሚያገናኘው ገመድ የፍሳሽ ቦይ ሲቆፈር ተበጠሰ። ቦዩ ላይ ኮንክሪት ፈሶ ስለነበር መልሶ የሚቀጥለው አልተገኘም። በምትኩ ፈርዶሳ የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ አውራ ጣት የምታህል የዋይፋይ መቀበያ ሰካች። የምርመራ ውጤት ከዚያ ወደ ሐኪሙ ክፍል በአየር መሄድ ጀመረ፤ ጋሪባው ልጆቹን በሚያነጋግርበት በዚያው የይለፍ ቃል በሌለው ዋይፋይ።

እንዲህ ያለ ዋይፋይ ገበያ መሃል ቆሞ እንደመናገር ነው፤ ጆሮውን ያዘነበለ ሁሉ ይሰማል። ፈርዶሳ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች። አንድ ከሰዓት ሐጂን አጥሩ ሥር አስቀምጣ በገዛ ስልኳ አሳየቻቸው። የአንድ ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ የስኳር መጠን እየተከታተለ ስክሪኑ ላይ ወረደ።

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። «አስተግፊሩላህ! ይሄ ሰውዬ እኮ ጎረቤቴ ነው።»

«ለዚህ ነው ሐጂ፣ ፓስወርድ እንመልስ የምልዎ።»

«አንቺ ልጅ፣ የሰደቃ ውሃ ላይ ቁልፍ የሚያንጠለጥል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አልሆንም። ሌላ መላ አምጪ።»

መላውን ታውቀው ነበር። ዋይፋዩን ሁለት ማድረግ፤ አንዱ ለመንገደኛው እንደ ድሮው ክፍት፣ ሌላው ለክሊኒኩ ብቻ፣ የይለፍ ቃል ያለው፣ የሚያልፈውን ሁሉ በምስጢር ቋጥሮ የሚያሳልፍ። የሐኪሞቹ ኮምፒውተሮች በአንድ ጠዋት ወደተዘጋው ገቡ። የላቦራቶሪው ግን እምቢ አለ። ያ ኮምፒውተር ከደም መመርመሪያው ማሽን ጋር በእርዳታ የመጣ፣ ማንም በነፃ የሚያገኘውና የሚቀይረው አሮጌ ስርዓተ ክወና የተጫነበት ነው፤ ስርዓቱ ቢታደስ ከማሽኑ ጋር መነጋገር ያቆማል። መቀበያዋን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስተዋውቃት ትንሽ ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ክፍት የሆነውን ብቻ ነው የሚያውቀው። የተዘጋው ዋይፋይ ስሙ ይታየዋል፤ ቃሉ ሲሰጠው ግን ዝም ይላል።

ፈርዶሳ በምሳ ሰዓቷ ሁለት ወር አነበበች። የማታውቃቸው ሰዎች ከዓመታት በፊት ተጠያይቀው የተዉትን ጽሑፍ ገልብጣ ደብተር ላይ ጻፈች። በመጨረሻ ነገሩ ተገለጠላት። ድራይቨሩ ችሎታው አልጎደለውም፤ የሠራው ፋብሪካ አጥፍቶት ነው የላከው። ከሺህ ከሚበልጡት የምንጭ ጽሑፉ መስመሮች ውስጥ ሁለቱ ላይ «አይ» ተብሎ ተቀምጧል። ሁለቱን «አዎ» አድርጎ ድራይቨሩን ከሥር እንደገና መገንባት ነው። ይህን ካወቀች በኋላም ሳምንታት አለፉ። ላቦራቶሪው በሥራ ቀን አይዘጋም፤ ሐጂም «ኢንሻአላህ፣ በበዓል» ይሏታል።

ያቻኮላት የሃጂራ ጋብቻ ነው።

ዓብዱልፈታሕ የሚባል የገሰራ እህል ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ቃል ተቀብሏል። ከኒካሁ በፊት ሁለቱም የጤና ምርመራ ወረቀት ማቅረብ አለባቸው፤ አሁን በየቤቱ የተለመደ ነገር ነው። ሃጂራ ግን ፈራች። አባቷ የሞቱት ጉበታቸው ታሞ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ነው። ሁለቱ ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ አወጣችው።

«ፈርዶሳ፣ ጎባ ሄጄ ብመረመር ይሻለኛል። እዚያ ማንም አያውቀኝም።»

«እኛ ጋ ሐኪሙ ጥሩ ነው። ደሞ እኔ አለሁ።»

«አንቺ ስላለሽ አይደል የምፈራው! ሮቤ ላይ ሲያስነጥስሽ ጎባ ላይ ይማርሽ ይሉሻል።»

«ታዲያ ጎባ ብታስነጥሺ ሮቤ አይሰማም?»

ሃጂራ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ተወችው። «ስሚኝ። የአባቴ በሽታ ካለብኝ ለዓብዱልፈታሕ እኔ ራሴ ነው የምነግረው። ዓይኑን እያየሁ። ከሰው አፍ ከሰማው አለቀ፣ የደበቅኩት ነው የሚመስለው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል። ውጤቱ የሚያልፍበትን መንገድ እስከ ሰኞ እዘጋዋለሁ። እኔ የዘጋሁትን ማንም አይከፍተውም፣ ወላሂ።»

ሃጂራ እጇን ያዘቻት። «እሺ ኦቦሌቲ ኮ። እህቴ ነሽ፣ ባንቺ አምኛለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ላቦራቶሪው ሥራ ሲያቆም ፈርዶሳ ደብተሯን ይዛ ገባች። የላቦራቶሪው ባለሙያ ክብሩ ሊያግዛት ቀረ። አያቱ በወታደርነት ከሸዋ መጥተው ጎባ የቀሩ ሰው ነበሩ። ክብሩ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ያስኬዳል፤ በሁለቱም ይቀልዳል።

«ኢንጂነር፣ ይሄን ኮምፒውተር ብትገድዪው ከቀብሩ በፊት ውጤቶቼን አውጪልኝ።»

«አልገድለውም።»

«ዕድሜ የጠገበ ሽማግሌ ነው እኮ። ድንጋጤ ራሱ ይገድለዋል።»

ሁለቱን መስመሮች ቀየረች፤ ግንባታውን አስጀመረች። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነው። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ እየተንጠባጠበ ሲወርድ መብራት ጠፋ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እንደገና ጠፋ። እሑድ ጠዋት ተመልሳ ከጄኔሬተሩ መስመር ሳበች። ስድስት ሰዓት ላይ ግንባታው አለቀ። አሮጌውን ድራይቨር አውጥታ አዲሱን አስገባች። የመቀበያዋ ትንሽ መብራት ጠፍታ ቆየች፤ ከዚያ ብልጭ አለች። ኮምፒውተሩ ቃሉን ጠየቃት። ሰጠችው። ገባ።

ክብሩ አንድ የሙከራ ውጤት ላከ፤ ሐኪሙ ክፍል ደረሰ። ፈርዶሳ አጥሩ ሥር ሄዳ በስልኳ አዳመጠች። ምንም የለም። የሚያልፈው ትርጉም የሌለው ፊደል ብቻ ነበር። ክብሩ በቀኝ እጁ ግንባሩን ነክቶ ሰላምታ ሰጣት።

ከዚያ ጠየቃት። «ቢቋረጥስ?»

«ለምን ይቋረጣል?»

«ይሄ ዕቃ ስንት ዓመቱ ነው? ነገ ከሃምሳ ሰው በላይ አለኝ። ቢቋረጥ ውጤቱን በእግሬ ላመላልስ? የድሮውን ለመጠባበቂያ ተዪልኝ። አንድ ሳምንት። አዲሱ መያዙን ካየን ታጠፊዋለሽ።»

ፈርዶሳ እጇን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ አሰበች። «ሰደቃ» የሚለው ስም አሁንም ኮምፒውተሩ ከሚያስታውሳቸው መካከል ነበር። አንድ ጊዜ ብትጫን ይጠፋል። ግን በድንገት የቆመ ላቦራቶሪ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። አዲሱ ቀበቶ ገና አንድ መኸር አልሠራም። ተወችው።

ሰኞ ጠዋት ሃጂራ ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ መጣች። ክብሩ ደም ቀዳ። ፈርዶሳ በዚያ ሰዓት ካርድ ክፍል ነበረች፤ ማተሚያው እንደልማዱ ወረቀት ይዞ ነበር። ሐኪሙ ሃጂራን ጠርቶ ብዙ አቆያት። ስትወጣ ፊቷ አልተለወጠም። ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልገው ቆሙ።

«አለብኝ» አለች ሃጂራ። «ሄፓታይተስ ቢ። የአባቴ ነው።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«አሁን መድኃኒት አያስፈልግሽም አለ። በየስድስት ወሩ ጉበትሽን እንይ፣ እጮኛሽ ደግሞ ተመርምሮ ክትባት ይውሰድ። ማግባትም መውለድም ትችያለሽ አለ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ዓርብ ይመጣል። እነግረዋለሁ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ከሐኪሙ ጠይቄያለሁ። እማዬም ከዚያ በፊት አትስማ።»

«ይተወኛል ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«አላውቅም። ልጁ ልበ ሰፊ ነው። ከእኔ አፍ ከሰማው አይመስለኝም።»

ረቡዕ ከሰዓት የአንድ ስልክ ስክሪን ፎቶ የዓብዱልፈታሕ ታላቅ እህት ስልክ ላይ ደረሰ። የሃጂራ ስም ከነአያቷ፣ ዕድሜዋ፣ ከሥሩ የምርመራው ስምና ውጤቱ። መጀመሪያ ማን እንዳነሣው የላከላትም ሰው አያውቅም፤ ከሌላ የተላለፈ ነበር። ሐሙስ ሦስት ሽማግሌዎች ከገሰራ መጡ። ዙሀይራ ምንጣፍ ዘረጉ፤ አልተቀመጡም። ትልቁ ሰውዬ ግድግዳውን እያዩ «አላህ የተሻለውን ይስጣት፤ እኛ ቃላችንን መልሰን ወስደናል» አሉ። ምክንያቱን ዙሀይራ ጠየቁ። ሰውየው ስልኩን አውጥተው አሳዩዋቸው። ዙሀይራ ማንበብ አይችሉም፤ የልጃቸውን ስም ግን ለዩት።

ዓብዱልፈታሕ ማታውን ደወለ። ሃጂራ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንድም ቃል ሳትመልስ ሰማችው። በኋላ ለእናቷ የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መቼ ልትነግሪኝ ነበር? አለኝ። ነገ ብለው ያምነኛል?»

ዙሀይራ ወደ ፈርዶሳ ዞሩ። ያሳደጓትን ልጅ እንደ እንግዳ ተመለከቷት። «ከቤታችን እዚያ የነበረው ማነው?»

«አዳዳ...»

«ማነው አልኩሽ?»

«እኔ ነኝ። ግን ለማንም አልተናገርኩም። ወላሂ አልተናገርኩም።»

«አንቺ ካልተናገርሽ ግድግዳው ነው የተናገረው?»

ሃጂራ ከጥግ ሆና «እማዬ፣ ተያት፤ እሷ አታደርገውም» አለች። ፈርዶሳን ከዙሀይራ ቃል ይልቅ ይህ ወጋት።

ዓርብ ጠዋት ላቦራቶሪው ሳይከፈት ገባች። ፎቶውን የዙሀይራ ጎረቤት ስልክ ላይ አይታዋለች፤ የክሊኒኩ ማኅተምም አርማም የለውም። ከታተመ ወረቀት የተነሣ አይደለም። ከላቦራቶሪ ወደ ሐኪም ሲሄድ ያለው ጥሬ ጽሑፍ ነው፤ እሷ ራሷ ለሐጂ አጥር ሥር ያሳየችው ዓይነት። የኮምፒውተሩን መዝገብ ከፈተች። ሰኞ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ የተዘጋው ዋይፋይ ተቋርጧል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ኮምፒውተሩ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ወደሚያስታውሰው ወደ «ሰደቃ» ገብቷል። እዚያው አርባ ደቂቃ ቆይቷል። በዚያ መካከል ዘጠኝ ውጤቶች አልፈዋል። ሰባተኛው የሃጂራ ነው።

ክብሩ ሲገባ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች አገኛት። ከትከሻዋ በላይ አነበበ። ቀልድ አልመጣለትም።

«እኔ ነኝ ተዪው ያልኩሽ» አለ በመጨረሻ።

«የተውኩት እኔ ነኝ።»

በሩን ዘጋ። «ፈርዶሳ፣ እስቲ ስሚኝ። በዚህ ከተማ ይህን የሚያነብ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ማን እንደሰረቀው አይታወቅም። አጥሩ ሥር በቀን መቶ ሰው ይቀመጣል። አሁን አጥፊው፤ ነገሩም ይዘጋል፤ ዝም በይ። የተሰበረው በመናገርሽ አይጠገንም።»

«አዳዳ በአፌ የተናገርኩ መስሏቸዋል።»

«ይምሰላቸው። ሃጂራ አላመነችም አላልሽም?»

«አላመነችም።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ፈርዶሳ ወደ ስክሪኑ ዞረች። «ሰደቃ»ን ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋችው። አንድ ጊዜ መጫን ነበር። ከዚያ ለሐጂ አሊዪ ነገረቻቸው። ሐጂ «የሌሎቹን ስምንት ሰዎች ስም ስጪኝ፤ ቤታቸው እሄዳለሁ» አሉ። መሄድ አለመሄዳቸውን እሷ ዛሬም አታውቅም።

ቤት ስትደርስ ሃጂራ ለሠርጉ የተገዛውን ልብስ እያጠፈች ሳጥን ውስጥ ትከታለች። ፈርዶሳ አጠገቧ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ድራይቨሩን፣ ሁለቱን መስመሮች፣ መብራቱ የጠፋበትን፣ እሑድ የተሳካውን፣ መጠባበቂያውን። ሃጂራ እጇን አላቆመችም። ያልገባትን አልጠየቀችም። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የድሮው መንገድ እዚያው እንዳለ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ደሜን ልሰጥ ስመጣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። አይቋረጥም ብዬ ነው።»

ሃጂራ ሳጥኑን ዘጋች። «እሑድ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ «ጎባ በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር። እኔ ትናንት እማዬ ፊት ቆሜልሽ ነበር።»

«ሃጂራ...»

«ተይኝ። ያጠፋው አፍሽ አይደለም። አፍሽ ቢሆን ኖሮ እሰድብሽ ነበር፤ ይቀለኝ ነበር።»

በዚያው ቀን ሃጂራ የራስጌዋን ትራስ ይዛ ወደ እናቷ ክፍል ሄደች። በሳምንቱ ፈርዶሳ ከጋራዡ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ሂጂ ያላት ማንም አልነበረም። ዙሀይራ ሰላምታዋን ይመልሳሉ። ያደረገችው ከሃሜት እንደሚለይ ሃጂራ ነግራቸዋለች፤ ልዩነቱ ግን አልታያቸውም፤ ፈርዶሳም ልታሳያቸው አልሞከረችም።

የላቦራቶሪው ኮምፒውተር አሁን ሲቋረጥ ይቆማል። ክብሩ ውጤቱን በወረቀት ጽፎ ግቢውን በእግሩ ያቋርጣል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሆናል። እስካሁን አላማረረም።

ስድስት ወር ሞላ። የሃጂራ ስም በክትትል ዝርዝሩ ላይ ወጣ፤ አልመጣችም። በማግሥቱም አልመጣችም። ሐኪሙ «ይቺ ልጅ ጉበቷ መታየት አለበት፤ ዘመድሽ አይደለችም?» አላት። ፈርዶሳ ገበያ ውስጥ ጠብቃ አገኘቻት። ሃጂራ ከስታለች። ድንች እየመረጠች ነበር፤ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ድንቹ ተመለሰች።

«ምርመራሽ አልፏል» አለቻት ፈርዶሳ። «እኛ ጋ አትምጪ። ሌላ ቦታ ልውሰድሽ፤ ሻሸመኔም ቢሆን፣ አዳማም ቢሆን። ከውጭ እቆማለሁ፣ ስምሽን አልጠራም።»

«እዚያ በምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ምኑን?»

«ውጤቱን። በምን ይጽፉታል?»

ፈርዶሳ መሬት ላይ የወደቀ ድንች አንሥታ ክምሩ ላይ መለሰች።

«በኮምፒውተር አይደል?» ሃጂራ አንድ ድንች አገላብጣ አይታ መለሰችው። «ያለ እሱ የሚመረምር ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ።»

ለሻጯ የመረጠችውን አቀበለች፤ ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ጨው ተራ ሄደች። ፈርዶሳ ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ ሄዳ ጠይቃታለች። እስካሁን ሁለት ጊዜ ሆኗል፤ ሃጂራ አልተመረመረችም።